ቢጫ ለብሳ ታየች

ባለፈው ማክሰኞ ከከዚራ ወደ መጋላ በባጃጅ ስሄድ ዘፈኔ መጣብኝ። ዘፈኔ ስል ዘፋኝ ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ ሳንጎራጉር የሰማኝ ሁሉ ዝም እንድል ይለምነኝ ነበር። ወጣት ሳለሁ ይህ ከተማ በሙሉ «ለየሺ የተዘፈነ ነው»፣ ለእኔ ማለት ነው፣ ብሎ ያመነበትን ዘፈን ማለቴ ነው፤ ከከተማውም በላይ እኔ ራሴ ያመንኩበትን። አኮርዲዮኑ ገና አንዴ ሲተነፍስ አወቅኩት። ለጓደኛዬ ለሶፊያ የያዝኩትን የማንጎ ፌስታል ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና በመስታወቱ አየኝ። «ማዘር፣ ይሄን ታውቂዋለሽ አይደል? ያንቺ ዘመን ነው አቦ!» አለኝ። ድሬዳዋ ለትልቁም ለትንሹም ያላት አንድ አንቺ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ዕድሜውን እዚህ ጨርሶ አልለመደውም ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ አንቱ ሲሉኝ የቀበሩኝ ይመስለኛል። «አላውቀውም» አልኩት ልጁን። እሱ ደግሞ ግጥሙን በቃሉ እያወቀው አብሮ ይዘፍናል፦

ቢጫ ለብሳ ታየች ከድልድዩ ማዶ፣
እንዴት ቤት ይገባል ሰው አንጀቱ ነዶ።

ያኔ በእኛ መስመር ሬዲዮ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። አባቴ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርና ሰውን ሁሉ ትኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። ሬዲዮኑን ግን ያምነው ነበር። ትልቅ፣ የእንጨት ሣጥን ያለው፣ እስኪሞቅ ድረስ የሚያስጠብቅ ዕቃ ነበር፤ እናቴ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍናው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ትገልጠዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አድማጮች በካርድ የመረጧቸው ዘፈኖች የሚሰሙበት ሰዓት ሲደርስ አባቴ መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረዋል፣ ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ ከኒሙ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴትዮም ሰዓቱን ታውቃለች፤ አንዱን ባምስት ሳንቲም እየሸጠች በአንድ ጆሮዋ ትሰማለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ድምፅ እየሄደ ይመለስ ነበር። ሲጠፋ ሁላችንም ጭንቅላታችንን ወደ መስኮቱ እናስጠጋለን፣ ሲመለስ እንስቃለን። ዛሬ የልጅ ልጄ ዓለሙን ሁሉ በኪሷ ይዛ ስትዞር አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ስትሰማ አይቻት አላውቅም። እኛ አንዱን ዘፈን ሳምንት ሙሉ ስንጠብቅ ከርመን፣ ከሰማነው በኋላ ደግሞ ሌላውን ሳምንት እሱን ስናወራ እንጨርሰው ነበር።

አንድ የድሬዳዋ ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሬ አይገባም። ያኔ ጨርቅ ስም ነበረው። በባቡር ከጅቡቲ የመጣ ጣቃ መጋላ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲንጠለጠል ፖፕሊን ነው፣ ክሬፕ ነው ብሎ የሚጠራው አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሬዲዮ ላይ አንደኛ የወጣው ዘፈን ስሙን ይሰጠዋል። ሴቱ ሁሉ «ያ ‹አትርሺኝ› አለህ?»፣ «ያ ‹ጉድ አረገኝ› ስንት ነው?» እያለ ይገዛል። አክስቴ ለቅሶ የምትሄድበት ጥቁር ቀሚስ «አምሽተህ ና» የሚባል ነበር፤ ስሙን እያወቀች ከላይዋ አላወለቀችውም። ዘፈኑ ይቀድማል፣ ጨርቁ ይከተላል። ወንዝ ወደ ላይ ይፈሳል ብሎ የሚጠረጥር እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም የተጠራጠረ ሰው አላውቅም።

ሶፊያ የሐጂ ዑመር ልጅ ናት። ሐጂ መጋላ ውስጥ ብትን ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሷ ከሱቁ ጀርባ በእግር በሚረገጥ መኪና ትሰፋለች። እኔ ከዚራ የጽሕፈት ዕቃ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ሥራ ስጨርስ ፀሐይ ሲበርድ በየቀኑ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ጣፋጩን ሙሸበክ እየበላን፣ እሷ እየሰፋች እኔ እያወራሁ እናመሻለን። እሷ ሮመዳን ስትጾም እኔ ፊቷ ውሃ አልጠጣም፤ እኔ ሁዳዴ ስጾም እሷ ሳምቡሳውን በምስር ታስጠብስልኛለች። እህት አልነበረኝም። ሶፊያ እያለች እህት ለምኔ ነው?

ደምሴ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዛኝ ነበር። የነጋዴው ጣቃ ሁሉ በእጁ ያልፋል፣ ነጋዴው ሁሉ ወዳጁ ነው። እሁድ ከሰዓት ግን በሠራተኞች ክበብ ይዘፍናል። ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ በሹል ጫማው ጫፍ ወለሉን እየመታ ሲዘፍን፣ እዚያ ያለችው ሴት ሁሉ «እኔን ነው የሚያየው» ብላ የምትሄድበት ዓይን ነበረው። እኔም ብዬ ሄጃለሁ። ከዚያም ሁለት ሦስቴ ከክበቡ እስከ ቤታችን ማዕዘን ሸኝቶኛል። አባቴ አንድ ቀን በመስኮት አየውና «ይሄ ልጅ ትኬት ያለው አይመስለኝም» አለ።

አንድ ቀን ሶፊያ «ነይ ቁሚ፣ ልለካሽ» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ጫፉ በነጭ አበባ የታተመ ደማቅ ቢጫ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቢጫ አይቼ አላውቅም፤ ዓይን ይወጋል። «ማነው የሰጠኝ?» አልኳት። «ስጦታ ነው አቦ፣ ስጦታ ይጠየቃል እንዴ?» አለችኝ፣ ወገቤን በሜትር እየለካች። «ደምሴ ነው የላከው አይደል? ለእኔ ብሎ ነው አይደል?» አልኳት። ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ነበር። ጎንበስ ብላ ጫፉን እየጠቀለለች «ይሆናል» አለችኝ፣ በስፒሎቹ መሃል። ለእኔ ግን «አዎ» ከማለት ምንም አልተለየብኝም። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ መስታወቱ ፊት ደጋግሜ ዞርኩ፣ ጉርዱ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። ሶፊያ ከመኪናዋ ቀና ብላ ታየኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እሁድ ክበቡ ሄድኩ። ደምሴ ከመድረኩ አየኝ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹን በክርኑ ነካ አደረገውና ያን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነው። ቢጫ ለብሳ፣ ድልድይ ተሻግራ፣ ከማዶ የታየች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የያዝኩት የሎሚ መጠጥ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፣ ቢጫ በቢጫ ነውና ግን አልታየም። እንዲህ ያለ ቀን ለሰው ሁሉ እንደማይሰጠው ያኔም ይገባኝ ነበር።

ወዲያው አዲስ አበባ ሄዶ ሬዲዮ ላይ እንዲዘፍን ተጠራ። ልሸኘው ጣቢያ ሄድኩ። ሻንጣውን ለሥራ ጓደኞቹ አስይዞ ከሰዓቱ ሥር ለብቻችን ቆምን። «ሬዲዮ ላይ ስትሰሚው ማንን እንደምል ታውቂያለሽ» አለኝ። «ማንን?» አልኩት፣ ከራሱ አፍ ልስማው ብዬ። «አንቺን ነዋ! ስመለስ ሽማግሌ ወደ አባትሽ እልካለሁ። እስከዚያ ግን አደራ፣ ቢጫውን እንዳታወልቂው።» ይህን አደራ እንደ ጾም ያዝኩት። ማታ ማታ አጥቤ ጠዋት እለብሰዋለሁ፤ ድሬዳዋ ላይ ልብስ አጥቦ ለማድረቅ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ይበቃል። ሥራ ቦታ በቢጫ፣ ድልድዩ ላይ በቢጫ፣ ቀፊራ ገበያ በቢጫ። እናቴ «ልጄ፣ ሰው ሌላ የላትም ይለናል» ብላ ስትለምነኝ እንኳ አልሰማኋትም።

ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ በወጣ ጊዜ ደግሞ ሥራዬን ዘመቻ አደረግኩት። እኔ የምሠራበት መደብር ፖስት ካርድ ይሸጣል። ለምርጫው ካርድ መላክ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእርሳስ የመጣውንም ለቀለም የመጣውንም ሳላስልክ አልለቅም ነበር። መጻፍ ለማይችሉት እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤ ለጋሪ ነጂዎቹ፣ ለሽንኩርት ሻጮቹ፣ ለእናቴ ዕድርተኞች። የንስሐ አባታችንን ልጠይቅ ስል እናቴ በነጠላዬ ጎትታ መለሰችኝ። ሶፊያም የመጋላን ሴቶች በኦሮምኛም በሶማልኛም በአደርኛም እያግባባች ታመጣልኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስተዋዋቂው ሦስተኛ አለው፣ ሌላ ቅዳሜ ሁለተኛ። ከዚያ አንድ ቀን ሬዲዮኑ ድምፁ ሄዶ ሲመለስ «አንደኛ» ሲል ደረሰ፣ ከኒሙ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ «ባለ ዘፈኗ» ሆነ። ጋሪ ነጂዎቹ ያለ ሒሳብ ያሳፍሩኝ ነበር፤ ስሙኒዬን ስሰጣቸው «ተይው አቦ፣ አንቺማ የኛ ነሽ» ይሉኛል።

በሁለት ወር ውስጥ ከተማው ቢጫ ሆነ። የመጋላም የከዚራም ልጃገረዶች፣ ከመልካ ጀብዱ ለገበያ የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ያንኑ ጨርቅ ለበሱ። ስሙም «ከድልድዩ ማዶ» ሆነ። እኔ በልቤ አስመሳዮች አልኳቸው። ቢለብሱትም ዘፈኑ የእኔ ነው አልኩ።

በዚሁ መሃል ከበደ ሽማግሌ ላከ። ከበደ ባቡር ጥገና ይሠራል፤ እጁ ዘይት ዘይት ይላል፣ ንግግሩ ትንሽ ነው፣ አባቴ የሚያውቀው ብቸኛው ትኬት ያለው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባቴ እኔን አስጠርቶ ሐሳቤን ጠየቀኝ። በዚያ ዘመን ልጁን የሚጠይቅ አባት ብርቅ ነበር። እኔ ግን ምን ብዬ መለስኩ? «እኔ እኮ ተዘፍኖልኛል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ ጫማውን አየ። ከበደ በዓመቱ ሌላ አገባ፤ ሚስቱን እስክትሞት ድረስ በብስክሌት ኋላ አስቀምጦ ገበያ ሲወስዳት አያቸው ነበር። ማንም አልዘፈነላትም።

ደምሴ ለፋሲካ መጣ። ጣቢያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ ከባቡሩ ወረደ፣ ግራ ቀኝ እጅ ነሳ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ «ነገ ከሰዓት ሐጂ ሱቅ ነይ፣ ጉዳይ አለን» አለኝ። ጉዳይ ሲል ሌላ ምን ይመጣልኛል? ቀሚሱ በእጥበት ብዛት ሽሮ መስሎ ነበር። ቢሆንም ተኩሼ ለበስኩት።

ሱቁ ውስጥ ስገባ ሐጂ ተቀምጠው ጫታቸውን ይዘዋል፣ ደምሴ አጠገባቸው ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ሰማያዊ ጣቃ ተዘርግቷል። ደምሴ ጣቃውን በጣቱ እየመታ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሐጂ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ምስጢር መሆኑንም የነገራቸው አልነበረም። «ማሻአላህ! መጣች ባለ ቢጫዋ! አንቺ ባትኖሪ ያን ጣቃ ሁሉ አይጥ ይበላብኝ ነበር፣ ወላሂ! ማን ይገዛዋል ያን ቀለም? ጅቡቲ ላይ ተሳስተው ነው የጫኑብኝ። ደምሴን ዘፈን አውጣለት አልኩት፣ አወጣለት። ሶፊያ ደግሞ ረጅሟ ጓደኛዬ ትልበሰው፣ ድልድዩን በየቀኑ ትሻገራለች አለች። ልጄ ብልህ ናት! አሁን ሰማያዊ ነው የመጣው። እሱ ይዘፍናል፣ አንቺ ትለብሻለሽ፣ ኢንሻአላህ ለአረፋ አንድ ክንድ አይተርፈንም።»

ቆሜ ቀረሁ። ከጀርባ ይሰማ የነበረው የሶፊያ መኪና ድምፅ ቆመ። ደምሴን አየሁት። «ያቺ ልጅ ማን ናት?» አልኩት። «የቷ?» አለኝ። «ከድልድዩ ማዶ የታየችው።» ሐጂን አየ፣ ሰማያዊውን ጣቃ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «የሺ፣ ቢጫ የለበሰች ሁሉ ናታ! ዘፈን እኮ እንዲህ ነው» አለኝ። «ሽማግሌውስ?» አልኩት። «አሁን እኮ አዲስ አበባ ሥራው በዝቶብኛል…» ብሎ ጀመረ፤ እስኪጨርሰው አልጠበቅኩም።

ወደ ጀርባ ገባሁ። ሶፊያ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «አንቺ ነሽ ያልሽው?» አልኳት። «እኔ ነኝ» አለችኝ። አልካደችም። «ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?» «ልነግርሽ ነበር፣ ወላሂ የሺዬ። መጀመሪያ ቀሚስ ታገኛለች ብዬ ነው፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ከዚያ መስታወቱ ፊት ስትዞሪ አየሁሽ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ? አባቴ አስለብሶሽ ነው ልበልሽ?» «ከበደን ስመልሰውስ? ያኔስ?» ስላት የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጠሰች።

ደምሴን በልቤ ከሰስኩት፣ ፈረድኩበት፣ ጨረስኩ፤ ዘፋኝ ነው፣ አፉ ሥራው ነው። የከዳችኝ ሶፊያ ነበረች። ካርዱን ስጽፍ ቀለሙን የምትይዝልኝ፣ አንደኛ ሲወጣ አቅፋኝ የዘለለችው እሷ ነበረች። ያን ሁሉ ሕዝብ ለምኜ፣ አደባባይ ለአደባባይ ዞሬ፣ ባል መልሼ፣ የሸጥኩት የአባቷን ጣቃ ነበር። ተናደድኩ ማለት አይበቃም። አፈርኩ፣ ተዋረድኩ። በቀጣዩ ወር ሰማያዊዋ ልጅ በደምሴ ዘፈን ሬዲዮ ላይ ወጣች። አባቴ ቅዳሜ መስኮቱን መክፈት ተወ፤ ስለ ትኬት ግን አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ሶፊያን ሁለት ክረምት ያህል አላናገርኳትም። ከዚያ ደቻቱ ሞልቶ መጋላ ገባ፣ የሐጂን ሱቅ አጥለቀለቀው። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔም ሮጥኩ። ከሶፊያ ጋር ጭቃ የጠጡትን ጣቃዎች እየጎተትን አወጣን፣ አጠብን፣ ውሃው ሲጎድል አሸዋው ላይ ዘረጋን። አንዳችን ይቅርታ አላልንም። ማታ ላይ ራት አቀረበችልኝ፣ በላሁ። ኋላም ሁለታችንም አገባን፣ ወለድን፣ ባሎቻችንን ቀበርን፤ በየልጆቻችን ሠርግ ላይ ተራ በተራ አለቀስን። ቂሙ ግን እንደ ደቻቱ ነው፤ ደርቋል ብለህ በእግርህ ትሻገራለህ እንጂ የት እንደሚያድር አታውቅም።

እና ማክሰኞ ዕለት ባጃጁ ውስጥ ዘፈኑ አለቀና የሬዲዮኑ ጠያቂ ከእንግዳዋ ጋር መጣች። ለካ ደምሴ በሕይወት አለ። ድምፁ ሳስቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ልጅቷ «ጋሼ፣ ያቺ ቢጫ የለበሰችው ማን ነበረች?» አለችው። «አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ነበረች። ረጅም። በየቀኑ ድልድዩን ትሻገር ነበር። ከእሷ በኋላ ብዙ ዘፍኛለሁ፣ ከልቤ ግን ለማንም አልዘፈንኩም። እሷ አላመነችኝም እንጂ» አላት። ሹፌሩ መሪውን በመዳፉ መታው። «ወይኔ ማዘር! የታደለች ሴት! በሕይወት ካለች እየሰማችው ይሆን?» አለኝ። «መንገድህን እይ» አልኩት። ልክ ድልድዩ ላይ ነበርን። የምነግራችሁ ነገር ያሳፍረኛል፤ አመንኩት። ከድልድዩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ አመንኩት። በመጋላ በኩል ስንወርድ ሰማያዊዋ ትዝ አለችኝ፣ ከሰማያዊዋ በኋላ የወጣችው ባለ ቀይ ነጠብጣቧም ትዝ አለችኝ። ሽማግሌው ደምሴ ሬዲዮ ላይ ቁጭ ብሎ ያንኑ አሮጌ ጣቃ እንደገና እየተረተረ ነው። ቢሆንም አመንኩት።

ሶፊያ ደጇ ላይ ተቀምጣ በቡና ገለባ የተፈላ አሻራዋን ትጠጣለች። ማንጎውን ሰጠኋት፣ የሰማሁትን ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ያ ሌባ! ዛሬም ያልተሸጠ ጨርቅ ቀርቶበታል እንዴ?» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። ልጠይቃት አላሰብኩም ነበር፤ አፌ ቀደመኝ። «ሶፊ፣ ግን ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ?» አልኳት።

አንድ ማንጎ አነሳች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ላጠችው። ቀና ብላ አላየችኝም። «ይሆናል» አለችኝ።

ያኔ፣ ቢጫውን ስትለካኝ «ይሆናል» ስትለኝ፣ በከንፈሯ ስፒል ይዛ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አፏ ባዶ ነበር።